በሐምራዊው መሀል

አቶ ልሳነወርቅ በስደት በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ጓሯቸው የዘሩት አተር አምና አንድም ሳይቀር ሐምራዊ አበባ አወጣ። ፍሬውን ራሳቸው ለቅመው አስቀምጠው ዘንድሮ መልሰው ዘሩት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳዩ «ንጹሕ ዘር እንዲህ ነው» ይላሉ። ሲሉ ግን አተሩን ብቻ ማለታቸው አልነበረም።

ልጃቸውን ማኅደርን ለማግባት በአቅራቢያው ከተማ በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ሲላስ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አቶ ልሳነወርቅም የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ ብለው ለቅዳሜ ቀጠሩ። የሲላስ አያት በሚሲዮን ያደጉ፣ አባታቸው የማይታወቅ እንደሆኑ ቸርች ሰምተዋል። ቆጠራው ከአያቱ አያልፍም። እንቢ ከማለት ማስቆጠር ጨዋነት መሰላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ሲወጡ ከሐምራዊው መሀል አንድ ነጭ አበባ ፈክቷል። ግራ ቀኝ አይተው ቀጠፉትና ወጥ ቤት ገብተው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት። ጥፋቱንም የሌላ አበባ ብናኝ አምጥታ ነው ብለው በጎረቤት ንብ አላከኩ።

ሽማግሌዎቹ ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ተዘጋግቶባቸው አርፍደው ደረሱ። አቶ ልሳነወርቅ አስቀመጧቸውና አተሩን በመስኮት እያመለከቱ ስለ ንጹሕ ዘር ብዙ ተናገሩ። በመሀል ማኅደር ውሃ ይዛ ገባች። ከውሃው ጋር ከቆሻሻ መጣያው ያወጣችውን ነጭ አበባ በብርጭቆ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይሄስ ከየት መጣ?» አሉ የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ኪራኮስ።

«ከሐምራዊዎቹ ነው፣ ጋሼ። ነጩ ውስጣቸው ተደብቆ ነበር። አንዱ ፍሬ ከአባትም ከእናትም ነጩን ሲወርስ ይወጣል።»

አባቷ ንቧን ሊያነሡ ፈልገው ተዉት።

አቶ ኪራኮስ አበባውን አገላብጠው አዩ። የልጁ ቆጠራ ከአያቱ እንደማያልፍ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ እርስዎም ይቁጠሩልን። የሐምራዊውንም ውስጥ ማወቅ ሳይሻል አይቀርም።»

አቶ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን በሙሉ ድምፅ ጠሩ። ቅም አያታቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ያን ስም ቤተሰቡ ሁሉ ዘልሎ ነው የሚቆጥረው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ሲያጠኑ ዝለል ተብለዋል፤ ለምን ብለውም አያውቁም። ቀና ሲሉ ማኅደር አበባውን ሳይሆን እሳቸውን ታያለች።

«ሠርጉን» አሉ፣ «ከበጋው በፊት ነው ያሰባችሁት ወይስ በኋላ?»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አቶ ልሳነወርቅ ለሲላስ እናት ብለው ከአምናው የአተር ፍሬ በላስቲክ ቋጥረው ሰጧቸው። ስለ ቀለሙ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።