ያልደረቁ እጆች

ሰሎሜ ልጇን የወለደችው ቀኑ ሳይደርስ ነው። ከሆስፒታል ወደ ሰፈሯ ማንያታ ስትመለስ ነርሷ አጥብቃ ነግራታለች፦ ሕፃኑን የሚነካ ሁሉ እጁን በሳኒታይዘር ማሸት አለበት፤ መዳፉን፣ የጣቶቹን መሃል፣ የጥፍሩን ሥር፣ እስኪደርቅ ድረስ። ለዚያ ትንሽ ደረት ተራ ጉንፋን እንኳ ይበዛበታል።

ሞያሌ ላይ ደግሞ አራስ መጠየቅ ቀልድ አይደለም። አንዱ ወተት፣ ሌላው ቴምር ይዞ ይመጣል፤ ሕፃኑን ያላቀፈ እንደመጣ አይቆጠርም። ስለዚህ ታላቅ እህቷ ቃልኪዳን በሩን ያዘች። አቤት አያያዝ! የመጣውን ሁሉ እጁን እያስዘረጋች ከጠርሙሷ ትረጭለታለች። ሰሎሜ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «እንዲህ ያለች እህት ይስጣችሁ» እያለች ትኮራባት ነበር።

ሕፃኑ ማስነጠስ በጀመረ ማግስት ጎረቤታቸው ሐሚዳ መጣች። የተረጨላትን አሸች፣ አሸች፣ ከዚያ እጇን አሸተተች።

«ዳዳ፣ እህቴ፣ ይሄ ነገር አይደርቅም እኮ! ወላሂ፣ ማጂ ነው፤ ውኃ!»

ሰሎሜ ሳቀች። ቃልኪዳን ግን አንገቷን ደፋች።

«አልኮል አለበት ሲሉ ሰማሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንዳይቀየሙን ብዬ ደፋሁትና ውኃ ሞላሁበት።»

«እኔን ፈርተሽ?» አለች ሐሚዳ። «መስጊዳችን በር ላይ ይሄው ራሱ ተቀምጧል! ምናለ ብትጠይቂኝ?»

ይሉኝታ ይሏችኋል ይሄ ነው፤ ጠይቆ ከማፈር ሕፃን ላይ መፍረድ! ሰሎሜን ያቃጠላት ግን እሱ አልነበረም።

«እኔስ?» አለች። «ሽታው የት ሄደ ብዬ ስጠይቅሽ፣ አዲሱ ዓይነት ሽታ የለውም አላልሽኝም? ባጠባሁት ቁጥር እጄን በውኃ ሳሽ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ አልነበር?»

«እንዳትቆጪኝ ፈርቼ ነው…»

እንግዳ ቢያታልላት ባልከፋት። በዓለም ላይ ዓይኗን ጨፍና የምታምናት አንዲት ሰው ይህች ነበረች።

ሕፃኑ አስነጠሰ፤ ትንፋሹም ሲር ሲር ይል ጀመር። ሰሎሜና ሐሚዳ ከጀሪካኑ ውኃ እየቀዱ እጃቸውን በሳሙና ፈትገው ታጠቡ። ሐሚዳ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ቱክቱክ ልትጠራ ወጣች። ቃልኪዳን እያለቀሰች ሕፃኑን ልታነሳ እጆቿን ዘረጋች።

ሰሎሜ ቀድማት አነሳችው።

«አንቺ በሩን ያዢ» አለቻትና ወጣች።