የመሪጌታ ዝንቦች

ቦጋለች የቆርቆሮውን ሣጥን ከፈተች፤ ውስጡን አየች፤ ዘጋችው። ያየችውን ስላላመነች እንደገና ከፈተችው። ከዚያም ውጭ ዳሱ ሥር ንፍሮ የሚቆረጥመው ለቀስተኛ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «ወንድሜን የበላው ይኼ ነው» አለች።

የሻረግ ከመደቡ ጥግ ቀና አለች። ባሏን መሪጌታ እንዳልካቸውን አፈር ካለበሰች ገና አንድ ሌሊት ማደሯ ነው፤ ስታለቅስ ውላ ስታለቅስ ስላደረች ድምፅ የሚባል ነገር አልቀራትም። «ይዝጉት፣ እትዬ» ልትል አፏን ብትከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቦጋለች ደግሞ ድምፅ ሞልቶ የተረፋት ሴት ናት። የሟች ታላቅ እህት ናት፤ ታመመ ሲሏት ከወገዳ ገስግሳ መጥታ፣ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ቤቱን እንደ ገዛችው ሁሉ ስታዝዝበት ሰንብታለች። አሁንም ከአልጋው ሥር የተንበረከከችው ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የሟች ነጭ ኩታ ፍለጋ ነበር። ኩታውን ትታ ሣጥኑን ይዛ ወጣች።

ሣጥኑ ውስጥ ቀይ፣ ጥቁርና ገብስማ የዶሮ ላባ፣ ከጥፍር በማይበልጥ መንጠቆ ላይ በሐር ክር ተጠምጥሞ፣ ጫፉ በሰም ታሽቶ፣ ሠላሳ አርባ ሆኖ በረድፍ ተደርድሯል። በጋይንትም ሆነ በስማዳ፣ በእስቴም ሆነ ከዚያ ወዲያ፣ የዜማ መምህር ሞቶ ከአልጋው ሥር የገብስማ ዶሮ ላባ በክር ታስሮ ከተገኘ ትርጉሙ አንድ ነው። መጽሐፍ ገላጭ አያስፈልገውም። ለቀስተኛው ንፍሮውን ከእጁ ወደ ጣባው መለሰ።

«ዝንብ ነው» አለች የሻረግ፣ እንደምንም።

«ምን አልሽ?»

«ዝንብ። ዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ነው። ራሱ ነው የሚሠራው።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ጎረቤታቸው አበጀ፣ «ዝንብ እንዲህ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ሰው ቁጭ ብሎ ዝንብ የሚሠራው ምን ቢያጣ ነው?» አለ። ይህን ብሎ ቀረብ ብሎ ሣጥኑን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። አንዱን ገብስማ ላባ በሁለት ጣቱ አነሳና ወደ ብርሃን አዞረው። «ይኼማ የእኔ አውራ ዶሮ ነው» አለ። «አራት ዓመት ሙሉ አንገቱ ሲመለጥ እከክ መስሎኝ ሎሚና ፌጦ ስቀባው። ለካ መሪጌታ ናቸው?»

 ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ከሣጥኑ አራቁ።

የባልና ሚስቱ የነፍስ አባት የነበሩት አባ አስማረ ተጠርተው መጡ። ሣጥኑን በእጃቸው አልነኩትም፤ በመቋሚያቸው ጫፍ ገፋ፣ ገፋ አድርገው አዩት። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ደግነታቸው ፍርሃታቸውን በልጦ አያውቅም።

«የሻረግ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገ ሰልስት ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ልሔሙ ገብቷል። ካህናቱ፣ ‹መተተኛ ከሆነ ለፍትሐት አንቆምም› እያሉ ነው። እኔ ብቻዬን ቆሜ ምን አደርጋለሁ? ዓሣ ማጥመጃ ነው ብለሽ ትምያለሽ?»

«እምላለሁ።»

«ሲያጠምዱ አይተሻል?»

«አላየሁም» አለች የሻረግ።

«ይዘው የመጡት ዓሣስ?»

«አንድም።»

«በስንት ዓመት?»

«በአሥራ አንድ» አለች።

ከዳሱ ሥር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የሻረግን ያቃጠላት መጠርጠራቸው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሚስት፣ ለባሏ መማል አቅቷት መቀመጧ ነበር። ያለ ፍትሐት ሊቀርባት ነው፤ ያውም ዕድሜ ልኩን ለሰው ፍትሐት ሲያዜም የኖረ ሰው።

ነገሩ የጀመረው በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ድልድይ ሊያጠና የመጣ አንድ ረጅም ፈረንጅ ከቤታቸው በታች ድንኳን ተክሎ ጥቅምትን ከረመ። ሥራውን ጠዋት ይጨርስና ከሰዓት በኋላ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ አየሩን በዘንግ ሲገርፍ ያመሻል። አገሬው አዘነለት፤ ቤተሰቦቹ ሩቅ ስለሆኑ ነው ተባለ። መሪጌታ ግን ቀርበው አዩት፤ በሦስተኛው ቀን ዘንጉን ተቀበሉት። ፈረንጁ ሲሄድ መንጠቆዎቹንና ሣጥኑን ትቶላቸው ሄደ። ዘንጉ በዓመቱ ሲሰበር በቀርከሃ ተኩት፤ ላባውን ከየትም አገኙት። ጽሕፈት የለመደ ጣት ስለነበራቸው የሚሠሩት ዝንብ እሷን ራሷን ሁለት ጊዜ አታሏታል፤ በጭራ መትታዋለች።

ዓሣ የማይመጣበትንም ምክንያት ነግረዋታል። ዓሣው ወደ ላይ የሚወጣው የወንዝ ዝንብ ሲፈላ ነው። ዝንቡ የሚፈላው ከመስቀል በኋላ ውኃው ሲጠራ ነው። ያ ወቅት ደግሞ ጽጌ ነው፤ መሪጌታ ጽጌን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳያቋርጡ ይጾማሉ። ጾሙ ሲፈታ ዝንብ የለም። ስለዚህ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ።

«ታዲያ የማይበሉትን ለምን ይደክማሉ?» ትላቸው ነበር።

«ነይና እዪ» ይሏት ነበር። «አንድ ቀን ብቻ ነይና እዪ።»

ባቄላው አለ፣ ጌሾው አለ፣ ላሚቷ ልትወልድ ነው። «ከርሞ» ትላለች። አሥራ አንድ ጊዜ ከርሞ ብላለች። ዘንድሮ ከመስቀል ማግስት ሳል ጥሏቸው አልጋ ላይ ሳሉ እንኳ፣ «ዝንቡ ሳይፈላ አይቀርም» ሲሏት፣ «አሁንስ ይተኙ» ነበር ያለቻቸው።

«ይዞ የሚለቅ» አለች ቦጋለች የመያዝ የመልቀቁን ነገር ከየሻረግ ስትሰማ። «ሞኝና ወረቀት እንኳ የያዘውን አይለቅም። ወንድሜ ከሞኝ ሊያንስ ነው?»

የሻረግ ተነሣች። ጥቁር ነጠላዋን አጠበቀች፤ ከጣሪያው ሥር የተሰካውን ቀርከሃ መዘዘች። «እንሂድ» አለች። «ወንዙ እዚሁ ቁልቁል ነው። በዝንቡ ዓሣ ካልተያዘ እናንተ ሳትሆኑ ሣጥኑን እኔ ራሴ አቃጥለዋለሁ።»

ሰልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤት ስትወጣ፣ ያውም ለዓሣ፣ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ለዚህም ይሆናል አንድ ለቀስተኛ እንኳ ዳሱ ሥር ያልቀረው። ቦጋለች ወንድሟን እየጠራች ከፊት፣ አባ አስማረ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ከኋላ፣ ሕዝቡ በመካከል ሆኖ ቁልቁል ወረደ።

ወንዙ ጸጥ ብሏል። ዝንብም የለ፣ ዓሣም የለ። አበጀ፣ «የወንድ ሥራ ነው» ብሎ ቀርከሃውን ተቀበለና እንደ ጅራፍ አጮኸው። መጀመሪያ የያዘው የራሱን ኩታ ነው። ቀጥሎ ቁጥቋጦ ያዘ። ሦስተኛው ላይ ከበድ ያለ ነገር ተሰማውና፣ «ያዝሁ» ብሎ ሲስብ የአባ አስማረ ጥምጥም ከራሳቸው ላይ ተነሥቶ በሰው ሁሉ አናት ላይ አልፎ ወንዝ ገባ። ሕዝቡ ሳቅ እንዳያመልጠው ለቅሶ ጀመረ። ከልብ ያለቀሰ የመሰለ አንድ ሽማግሌ ትከሻው ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«በቃ» አለች ቦጋለች። «እግዜር ራሱ እያሳየን ነው። አምጡ እሳቱን።»

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘምበል ስትል ግን የውኃው ፊት ተለወጠ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያ ማን ይቆጥራቸዋል፤ ክንፋቸውን ቀጥ አድርገው ያቆሙ፣ ጤፍ ገለባ የመሰሉ ደቃቅ ዝንቦች ከውኃው ውስጥ ወጥተው በላዩ መንሳፈፍ ጀመሩ። ቆየት ይሉና ብድግ ብለው ይበርራሉ። ውኃው እዚህ ቀለበት ሠራ፤ እዚያ ቀለበት ሠራ። አንድ ወፍራም አፍ ብቅ ብሎ ዝንቡን ውጦ ተመለሰ። ቦጋለች እሳቱን መጠየቋን ትታ ወደ ውኃው ጠጋ አለች።

«ስጠኝ» አለች የሻረግ አበጀን።

ዘንግ ይዛ አታውቅም። አየሁ ማለት ግን ካልቀረ ብዙ አይታለች። በክረምት ዝናቡ ባባራ ቁጥር መሪጌታ ግቢው መካከል ቆመው ቀርከሃውን ወደ ኋላ ይሰዱና፣ ቆየት ይሉና፣ ወደ ፊት ይለቁት ነበር፤ እሷም ማጀት ሆና እያየች አቋቋም የሚያጠኑ ይመስላት ነበር። ተማሪዎቻቸውም መስሏቸው ኖሮ በመቋሚያቸው ያችኑ መቆየት ለምደዋት፣ ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ መምህር፣ «ይቺ የየት ደብር ስልት ናት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። መሪጌታ ሳያፍሩ፣ «የወንዙ» ብለውታል።

«ያዝ» አለች የሻረግ በሹክሹክታ፣ እሳቸው እንደሚሉት። «ቆየት። ልቀቅ።»

ላባዋ ዝንብ ከእውነተኞቹ መካከል አረፈች። የቷ የቷ እንደሆነች መለየት ሳይችሉ ውኃው ቦጭ አለና ቀርከሃው ጎበጠ። የሻረግ ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ተጎተተች፤ አበጀ በቀሚሷ ያዛት፤ አባ አስማረ ባዶ ራሳቸውን ጫማቸውን ሳያወልቁ ገብተው ክሩን ጨበጡ። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ሣር ላይ ወጥቶ ተንፈራገጠ።

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ዓሣው ሲሽቀዳደም አባ አስማረ ግን ክሩን ይዘው ቀሩ። በጣታቸው መካከል አሽከረከሩት። ከረጅም ጭራ ተገምዶ የተሠራ፣ አመድማ ክር ነው።

«ይኼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የበቅሎዬ ጭራ ነው። ለካስ በየዓመቱ የሚሳሳው። ያልተሳልኩበት ታቦት የለም።»

የሻረግ ደነገጠች። ከመተቱ ሲወጡ ሌብነት ገቡ። «አባ፣ ይማሩት» አለች። «ይማሩት፤ ነገ እንዲህ ሆኖ እንዳይቀርብኝ።»

አባ አስማረ ወንዙን አዩ። ዝንቡ አሁንም ይፈላል። ፈሪ ሰው ናቸው ብለናል፤ በዚያች ሰዓት ግን አልፈሩም። መስቀላቸውን አወጡና ሁሉም እንዲሰማ፣ «ስለ በቅሎዬ ጭራ እኔ ፈትቻለሁ። እግዚአብሔርም ይፍታዎት፣ መሪጌታ» አሉ። ከዚያም ወደ አበጀ ዞሩ።

አበጀ ትንሽ አሰበ። «ዶሮውንም ይፍታቸው» አለ። «ሎሚውን ግን ለእኔ ያስብልኝ።»

«ካህናቱ ነገ ይቆማሉ» አሉ አባ። «የማይቆም ካለ መጥቶ እዚህ ይቁምና ይይ።»

ዓሣውን የከበበው ሰው መጠኑን በእጁ እየለካ ነው። አንዱ፣ «በበርበሬ» ማለት ሲጀምር ሌላው፣ «ጽጌ ነው» አለው። ሁሉም አባን ተመለከተ። አባ ዓሣውን ተመለከቱ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያም በታላቅ ሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። የሻረግ መንጠቆውን ነቅላ ዓሣውን ወደ ውኃው መለሰችው። ከሕዝቡ መካከል ለመሪጌታ ለቅሶ እንኳ ያልተሰማ ምሬት ያለው እህታ ወጣ።

ቦጋለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከመጣች ጀምሮ ስትጮህ እንጂ ስታነባ ያያት አልነበረም፤ አሁን ድምፅ ሳታወጣ አነባች። «ለዚህ ነው?» አለች። «ይኼን ለማየት ነው በየዓመቱ የሚመጣው?»

«ለዚህ ነው።»

«ለሰው አይናገርም ነበር እንዴ?»

«ነግሮኝ ነበር» አለች የሻረግ። «ነይና እዪ ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ።» ይህን ስትል የጠፋው ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ቦጋለች ተነሥታ አቀፈቻት።

ወደ ሐዘን ቤቱ መመለስ ነበረባቸውና ሕዝቡ ወደ ዳገቱ ዞረ። የየሻረግ ጥቁር ነጠላ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ድረስ ዝንብ አርፎበታል፤ ክንፋቸውን አቁመው፣ ነጫጭ ሆነው ተደርድረዋል። ቦጋለች እህት አይደለች፣ ልታራግፍላት እጇን ሰነዘረች።

የሻረግ እጇን በአየር ላይ ያዘችው።

«ይተዉአቸው፣ እትዬ።»

ዳገቱን ከሁሉም ኋላ ወጣችው፤ ቀስ እያለች፣ ትከሻዋን ሳታነቃንቅ።