ሦስት ቀን የተደበቀ ፓስፖርት

ኤልቃናና ጃራ ሰበታ ላይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩ፣ ዩኒቨርሲቲም አንድ ዶርም የደረሳቸው ጓደኛሞች ነበሩ። ጎበዙ ኤልቃና ነው። ለፈተና ጃራን የሚያስጠናው እሱ፣ አውሮፓ ለሁለተኛ ዲግሪ እናመልክት ያለው እሱ፣ የጃራን ማመልከቻ ቁጭ ብሎ ያቃናለትም እሱ። በ2008 ክረምት አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ከነሙሉ ስኮላርሺፑ ሲቀበላቸው የኤልቃና እናት ተስፋነሽ ቤተክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆማ የጌታን ሥራ መሰከረች።

ኤምባሲው ግን ከውጤት ሌላ የሚጠይቀው ነበረው። ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ እንደሚመለስ የሚያሳምን ማስረጃ ያቅርብ ይላል ደንቡ፤ ቤት ወይም መሬት፣ ካልሆነም ትዳር ወይም ቋሚ ሥራ። ተስፋነሽ ከወላይታ መጥታ ሃያ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራች፣ ዛሬም ኪራይ ቤት የምትኖር ሴት ናት። የጃራ አባት ኦቦ ባይሳ ደግሞ ከከተማው ጫፍ እርሻ አላቸው፤ የይዞታ ደብተራቸውን አስተርጉመው ለልጃቸው ሰጡት። ጃራ ቪዛው ተፈቀደለት። ኤልቃና ተከለከለ።

ኤልቃና ጓደኛውን አቅፎ እንኳን ደስ አለህ አለው፤ ጀርባውንም ቸብ ቸብ አደረገው። ወደ ቤት ሲመለስ ግን ጃራን ያስጠናበትን ሌሊት ሁሉ እየቆጠረ ሄደ። እኔ ያስጠናሁት ልጅ፣ አለ በልቡ፤ አባቱ መሬት ስላለው ብቻ። ከዚያ ወዲህ ጃራ ስለ ሻንጣ ሲያማክረው፣ ስለዚያ አገር ብርድ ሲያወራለት ያንገሸግሸው ጀመር። ኦቦ ባይሳም በዚያ መሬት እንቅልፍ እንደሌላቸው ያውቃል። አዲስ አበባን ወደ እርሻዎቹ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት ቢያልፉም መሬቱን ለመውሰድ በማሳቸው መሀል የተተከለው ችካል አልተነቀለም። ቢያውቅም ቅናቱ አልበረደለትም።

መስከረም ላይ፣ የኢሬቻ በዓል በሐዘን በተበተነበት ሳምንት፣ ሰበታ ተናወጠች። መንገድ ተዘጋ፣ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፣ ወታደሮች የኦሮሞ ወጣቶችን ከየቤቱ ይለቅሙ ጀመር። ጃራ መናገሻ አክስቱ ቤት ተደበቀ። በዚያው ሰሞን ከኤምባሲው ፓስፖርትህን ውሰድ ተብሎ ተደወለለት። በረራው ቅዳሜ ማታ ነው። ፍተሻውን አልፎ አዲስ አበባ መግባት ስለፈራ የውክልና ደብዳቤ ጽፎ በአክስቱ እጅ ለኤልቃና ላከ። አንተን ማንም አይነካህም፣ ካንተ ሌላ የማምነው የለኝም አለው በስልክ።

ሐሙስ ዕለት ኤልቃና እስከ ዓለምገና በእግሩ ሄደ፤ ከዚያ ታክሲ አግኝቶ ከተማ ገባ። ፓስፖርቱን ተቀብሎ ኤምባሲው በር ላይ ከፈተው። የጃራ ፎቶ ቪዛው ላይ ቀና ብሎ ያየዋል። ጥቅምት አምስት ያልደረሰ ተማሪ ቦታውን እንደሚያጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ማታ ጃራ ሲደውል የኤልቃና አፍ ከልቡ ቀደመ፤ አልደረሰም፣ ሰኞ ተመለስ አሉኝ አለው። ዓርብ እነግረዋለሁ እያለ ዋለ። ቅዳሜ በረራው ሲያልፍ የተሰማው እፎይታ እሱን ራሱን አስደነገጠው።

ጃራ ፓስፖርቱ በእጁ ቢኖር ፍተሻው ላይ ቪዛውን እያሳየ ከመናገሻ በቀጥታ አየር ማረፊያ ይሄድ ነበር። ሰኞን ልጠብቅ ብሎ ግን እናቱን ሊያይ፣ ልብሱን ሊቀይር ሰበታ ገባ። እሑድ፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ቀን፣ ከአባቱ ግቢ ወሰዱት።

ኤልቃና ወሬውን ከቤተክርስቲያን ሲወጣ ሰማ። ፓስፖርቱን ከቤት አንስቶ እስከ ኦቦ ባይሳ በር ድረስ ሄደ። ሽማግሌውን አጥሩ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኛቸው። እንደ ወትሮው አካም ጅርቱ ብሎ ሰላምታ መስጠት ከበደው። ፓስፖርቱን ዘረጋላቸው።

«ሐሙስ ነው የተቀበልኩት፣ ኦቦ ባይሳ» አለ። «አልደረሰም ብዬ ዋሸሁት።»

ኦቦ ባይሳ ማንበብ አይችሉም። ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጠው የልጃቸው ፎቶ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ኢልመ ኮ፣ ምን በደለህ?» አሉ። ኢልመ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ኤልቃና በመሬታችሁ ቀንቼ ነው እንዳይል፣ ከአጥሩ ባሻገር ማሳው መሀል ችካሉ ከፊቱ ቆሟል።

ጃራ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከታሰረበት ካምፕ ተፈታ፤ ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ከስቷል። ኤልቃና ሊጠይቀው ሄደ። አባቴ ነግሮኛል፣ ካንተ ግን ልስማው አለው ጃራ። ኤልቃና ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገረው፤ ቅዳሜ የተሰማውን እፎይታ እንኳ አልደበቀም። ጃራ መሬት መሬቱን እያየ ሰማው።

«አንተ ቪዛ አግኝተህ እኔ ብቀር እኔም እቀና ነበር» አለው ሲጨርስ። «ፓስፖርትህን ግን አመጣልህ ነበር።»

ከዚያ ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ለኤልቃና ያ ይብስ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው መታሰሩን ሲሰማ የጃራን ቦታ ለሚቀጥለው ዓመት አቆየለት። ቪዛው ግን ጊዜው አልፎበት ስለነበር እንደገና ማመልከት ግድ ሆነ፤ ኦቦ ባይሳም የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ዳግመኛ አስተርጓሚ ቤት ተመላለሱ። ኤልቃና ዓለምገና አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ጀመረ። መንገድ ላይ ጃራን ሲያገኘው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፉ ነበር።

በዓመቱ መስከረም፣ ሚኒባስ ውስጥ የጃራ እህት ማሪቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ጃራ ትናንት በረረ አለችው፤ በደህና መድረሱንም ደውሎ ነግሯቸዋል። ኤልቃና ደስ ብሎኛል አላት፤ ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ አሁንም ያስጠናበትን ሌሊት ይቆጥር ነበር። ሰላም በይልኝ ሊላት አሰበና ተወው። ትምህርት ቤቱ ሳይደርስ ወራጅ አለ ብሎ ወረደ፤ የቀረውን መንገድ በእግሩ ጨረሰው።