ለጋለ ብረት የሚሆን ቀለም

ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምህረት ነው፣ ሰኔ፣ ከማለዳ ጀምሮ ይዘንባል፣ ነፋስ የለም፣ ብርድ አለ፣ ሐሙስ ነው፣ እኔ ሳሪስ አቦ ሳዲቅ ቀለም ቤት ቆሜ ከካፖርቴ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ባንኮኒው ላይ ሁለት ጣሳ አለ፣ ጥቁርና ብርማ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን አላነበውም፣ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ያውም አማርኛ፣ ቁጥር ግን አነባለሁ፣ አንዱ ሦስት መቶ ይላል አንዱ ስድስት መቶ፣ የሙቀት ልኩ ነው ይለኛል ሳዲቅ፣ ከዚህ በላይ ከጋለ ይነሣል ማለት ነው ጋሼ ቀናው።

ይነሣል። እንዴት እንደሚነሣ አውቃለሁ።

መጀመሪያ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይጨሳል፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል፣ ስምንት ወር ሆኖት እንኳ ከአፍንጫዬ አልወጣም፣ ልጄ ዘአማኑኤል ከቤት የወጣ ዕለት የሸተተኝ ሽታ ነው፣ ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው፣ እናቱ በላይነሽ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ነበርን፣ አሁን እኔ ነኝ፣ ራት አንድ ሳህን፣ ሬዲዮው ያወራል እኔ አልመልስለትም።

አልሙኒየም ነው ወይስ ጊዛ፣ ከባዱ ብረት፣ ይላል ሳዲቅ፣ ምኑ፣ ሞተሩ ነዋ ጋሼ፣ ከሥር የሚቀባው ፕራይመር ይለያያላ፣ የላይ ክዳኑ ማግኔት አይዝም ትልቁ ይይዛል አልኩት፣ ሳቀ፣ ገበሬ ነኝ ይላሉ እንጂ ጋራዥ ነው የኖሩት ወላሂ። አልሳቅኩም። ገበሬ ነበርኩ፣ ቱሉ ዲምቱ ጤፌን የዘራሁበት ቦታ ላይ ዛሬ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ያሰጣል፣ መሬቱ ሲሄድ በሬዎቹም ሄዱ፣ ጋጣው ባዶ ቀረ፣ ዘአማኑኤል አባዬ ልሥራበት አለኝ፣ ዝም አልኩ፣ ዝም ካልኩ እሺ ማለቴ እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል፣ ሁለት ዓመት እዚያ ጋጣ ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር ፈታ ገጠመ፣ ለውድድር መኪና ነው፣ ተራ ሞተር አይደለም፣ እያንዳንዱን ብረት እየሞረደ እየመዘነ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ አላልኩትም።

ጎበዝ ነበር።

ታዲያ ለሥራ ጅማ ሄዶ ሳምንት ሲቆይ ብረቱን አየሁት፣ ራቁቱን ነው፣ ግራጫ፣ እርጥበት ሊበላው ነው አልኩ፣ የግቢው በር ሲቀባ የተረፈ ቀለም ነበር፣ ከሥር ቀዩ የዝገት መከላከያ አንቲረስት ከላይ አረንጓዴው፣ በብሩሽ፣ ተንበርክኬ፣ ሦስት ቀን፣ ጉልበቴ እምቢ እስኪል፣ የብሎኑን ቀዳዳ ሁሉ እየዞርኩ፣ ሲመጣ ምን ይል ይሆን እያልኩ፣ ለብቻዬ ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ፣ ይሄን ለማን ይነግሩታል።

ጓደኞቹን ይዞ መጣ፣ ድምፁን ሊያሰማቸው ነው፣ አየው፣ አየኝ፣ አስነሣው፣ ሲግል ጭሱ ጋጣውን ሞላው፣ ሮሪሳ የሚሉት ጓደኛው እያሳለ፣ ፋዘር እኮ የግቢ በር አደረጉት፣ መሸጎሪያውስ የታለ አለ፣ ሁሉም ሳቁ፣ ዘአማኑኤል አልሳቀም፣ እሱ ስቆ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ አስቤልህ ነው፣ እርጥበት እንዳይበላው ብዬ ነው ማለት ነበረብኝ፣ አፌ ግን ሌላ አወጣ፣ ቤቴ ውስጥ ያለውን የፈለግኩትን እቀባለሁ፣ ያልወደደ ይውጣ። ወጣ። ገላን ኮንዶሚኒየም ከሰው ጋር ተጋርቶ ነው የሚኖረው ይላሉ፣ ከዚህ በታክሲ ምን ያህል ነው፣ ቅርብ ነው።

ሰኞ ሮሪሳ መጥቶ ሞተሩን ፈታው፣ ክፍል ክፍሉን ማዳበሪያ ላይ ደረደረው፣ ፋዘር ቅዳሜ በፒካፕ እወስደዋለሁ፣ እሱ አይመቸውም፣ አለኝ ዓይኔን ሳያይ። አይመቸውም። ልብሱን ወስዷል፣ ፎቶውን ወስዷል፣ ያ ብረት ከሄደ እቤቴ ውስጥ የሱ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ሰው ለምን ብሎ ይመለሳል፣ ቢሄድ እንኳ በኔ አረንጓዴ አይሂድ ብዬ ነው በዚህ ዝናብ የወጣሁት።

ሳዲቅ ያስረዳኛል፣ ለክዳኑ ይሄ ፕራይመር፣ አልሙኒየሙን ነክሶ ይይዛል፣ ለጊዛው ያኛው፣ የጭስ ማውጫውን ግን ፕራይመር እንዳያስነኩት፣ ባዶ ብረቱ ላይ ነው ስድስት መቶው፣ አሮጌው ቀለም ደግሞ ሙልጭ ብሎ ይነሣል፣ ሁለተኛው ቀለም ላዩ ላይ ከተቀባ ያው የበፊቱ ነው፣ በዚህ ዝናብ መድረቂያ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ማጋል። ቅዳሜ ነው የሚሄደው አልኩት። ኧረ ጋሼ፣ አይደርስም። እሺ ጥቁሩን ስጠኝ፣ ቆሻሻ አያሳይም። የማን ነው ሞተሩ አለኝ፣ የልጄ፣ እሱ የቱን ፈለገ፣ ጥቁሩን ሲልቨሩን፣ ወይስ በባዶው ነው የሚፈልገው፣ አንዳንዶቹ እኮ ባዶውን ነው የሚወዱት።

እጄ ጥቁሩ ጣሳ ላይ ነው።

አልጠየቅኩትም፣ ያኔም አልጠየቅኩትም፣ ጣሳው ነው እንጂ የተለየው እጄ ያው ነው፣ ይደውሉለታ ይላል ሳዲቅ፣ ለሰው እንዲህ ቀላል ነው፣ ስልኬ ላይ አንድ ቁጥርን ተጭነው ይያዙ እኔ ጋ ይደውላል ብሎ ያስተማረኝ ራሱ ልጄ ነው፣ ስምንት ወር አልተጫንኩትም፣ አሁን ጣቴ እርጥብ ነው፣ በካፖርቴ ጠረግኩት፣ ተጫንኩት፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሣውም፣ ባያነሣውስ

አባዬ፣ አመመዎት እንዴ።

አላመመኝም፣ ሳሪስ ነኝ፣ ቀለም ቤት። ከኋላው ብረት ይቀጠቀጣል፣ ሰው ይጮኻል። የሞተሩ ቀለም፣ አልኩ፣ ጥቁር አለ ብርማ አለ፣ የቱን እንደምትፈልግ ልጠይቅህ ነው። ልጠይቅህ ነው አልኩ፣ ሳዲቅ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ፣ እግዜር ይስጠው።

አይቀባ አባዬ።

አይቀባ።

እኔ ነኝ የምቀባው አለ፣ የድሮውን ብቻ ይላጡልኝ፣ ከቻሉ፣ ክዳኑን በሽቦ ብሩሽ እንዳይነኩት ይቧጠጣል፣ በምን ላድርገው፣ የቀለም ማስለቀቂያ ቀብተው ሲለሰልስ በእንጨት፣ እሺ አልኩ፣ ለሱ እሺ ብዬ አላውቅም፣ ቅዳሜ ትመጣለህ ወይ የሚለው ምላሴ ላይ ነበር፣ ሥራ ላይ ነኝ አባዬ አለ፣ ዘጋ።

ሁለቱንም ጣሳ ለሳዲቅ መለስኩለት፣ ማስለቀቂያ ብቻ ይዤ ወጣሁ፣ ታክሲው ቃሊቲ እስኪደርስ መስኮቱን በእጄ እየጠረግኩ ሳስብ መጣሁ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ ቀስ ብል ማን ይጠረጥረኛል፣ ግማሹን ላጥኩ ግማሹ ቀረ ብል ሮሪሳ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ሳምንት ይገፋል፣ ሁለት ሳምንት፣ ሲሰለቸው ልጄ ራሱ ይመጣል፣ በሩን ያንኳኳል፣ ጥሩ ብልሃት ነው፣ ማንም አያውቅብኝም።

ይላጡልኝ ነው ያለው። ያቆዩልኝ አላለም።

ጋጣው ውስጥ ነኝ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ በሩን ብርሃን እንዲገባ ከፍቼዋለሁ፣ ከሁሉ የሚያስቸግረው የጭስ ማውጫው ነው፣ ቀለሙ ተቃጥሎ ስርጉዱ ውስጥ ገብቷል፣ በሱ ጀመርኩ፣ ማስለቀቂያው እጄን ይለበልባል፣ አረንጓዴው ተነሣ፣ ከሥሩ ቀዩ መጣ፣ ቀዩም ተነሣ፣ እንጨቱ ሲደንዝ በቢላ እየሳልኩ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ፣ አልተነሣሁም፣ ጨረስኩት፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ማዳበሪያ ጠቀለልኩበት፣ ፒካፑ ሲመጣ ለማንሣት እንዲቀል በሩ አጠገብ አስቀመጥኩትና ቀጥዬ ልልጠው ክዳኑን አነሣሁ።