የኤፍራይም አደራ

ኤፍራይም ከረጢቱን ያመጣው ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ነበር። ጥቁር የሸራ ከረጢት ነው፤ አፉ በሲባጎ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ታስሯል። ደጊቱ በሩን ስትከፍትለት ወደ ውስጥ አልገባም። ደረጃው ላይ እንደ ቆመ ዘረጋላት።

«እታለም፣ እስከ እሑድ አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ። አደራ።»

«ምንድን ነው?»

«ወረቀት ነው። ፋብሪካው ውስጥ ያለችውን ቢሮዬን ነገ ቀለም ሊቀቧት ነው፤ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው።»

ኤፍራይም የአጎቷ ልጅ ነው። በቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ላሉ ፋብሪካዎች ከውጭ አገር ሠራተኛ ያቀርባል። ደጊቱ የምትሠራበት፣ ለመኪና በር የሚሆን የጎማ ማሸጊያ የሚያመርተው ፋብሪካም ከእሱ አሥራ አንድ የስሪ ላንካ ሰዎች ወስዷል። ከሃያ ዓመት በፊት እሷንም እዚያ ያስገባት እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አደራ ሲል ምን ይባላል? በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ልጇ ኦዴያ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካ ነበር።

«ኢማ፣ ምን እንዳለበት ሳታዪ ተቀበልሽ?»

«አደራ ይፈታል እንዴ?»

«ሐሺሽ ቢሆንስ?»

«ወይ ጉዴ! አፍሽን ዝጊ!»

«እሺ። ፖሊስ ሲመጣ ግን እኔ ጎረቤት ነኝ፤ አላውቃትም ነው የምለው።»

ደጊቱ አልሳቀችም። ከረጢቱን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሰንበት ነጠላዋ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ልቧ አላረፈም። ድሮም ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የሚታያት ወታደር ልጇ ኤቭያታር ተገድሎ ነው፤ የአምቡላንስ ድምፅ ስትሰማ ልጆቿ የት የት እንዳሉ በልቧ ታስሳለች። አሁን ደግሞ ሐሺሽ ታያት፣ ሽጉጥ ታያት፣ የተሰረቀ ወርቅ ታያት። ከሁሉ ያልፈራችው ኤፍራይም በአፉ የነገራትን ወረቀቱን ነበር።

ግን አልፈታችውም። ልጅ ሳለች፣ አዲስ አበባ ወደዚህ አገር የሚያመጣቸውን አውሮፕላን ሲጠብቁ፣ አባቷ የቤተሰቡን ወረቀት ሁሉ በጨርቅ ቋጥረው ገብረማርያም ለሚባል ያከራያቸው ሰውዬ አደራ ሰጥተው ነበር። ቤታቸው እየተሰበረ የሚዘረፍበት ጊዜ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ሰውዬው እንደ ተቋጠረ መለሰላቸው። «ያ ወረቀት ባይኖር ማን ያሳፍረን ነበር? ቋጠሮዬን እንኳ አላላላውም!» ይሉ ነበር አባቷ፣ እስኪሞቱ ድረስ። ደጊቱ የሰውን ታማኝነት የለካችው ሁልጊዜ በዚያ ቋጠሮ ነው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ኒሃል አልበላም። ኒሃል ከስሪ ላንካዎቹ አንዱ፣ አርባ ዓመት የሞላው የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ከእሷ ጎን ቆሞ የጎማውን ጫፍ ይከረክማል። ሁለቱም በተሰባበረ ዕብራይስጥ ይግባባሉ። «ኢማ» ነው የሚላት፣ እናቴ እንደ ማለት፤ ይህንንም ኦዴያ ፋብሪካው ስትመጣ ሰምቶ ነው የያዘው።

«ምነው፣ አመመህ?»

«እናቴ ናት። ሆስፒታል ገብታለች። ስሜን እየጠራች ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!»

«ፓስፖርት የለኝም። የመጣን ዕለት ኤፍራይም ሰበሰበው። ለቪዛ መሥሪያ ቤት ገብቷል ይላል። ነገ፣ ነገ፣ ሁልጊዜ ነገ።» እጇን ያዘ። «ዘመድሽ ነው። ጠይቂልኝ።»

እዚያው ደወለችለት። ኤፍራይም በለሰለሰ ድምፅ፣ «መሥሪያ ቤት ነው እታለም፤ እሑድ ይሰጡኛል» አላት።

«እሑድ ይመጣልሃል» አለችው ለኒሃል። «አይዞህ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች።» ለራሷ ክፉ ክፉውን ብቻ የምታስብ ሴት፣ ለእሱ ደጉን ተናገረች።

ሐሙስ ኖአ የምትባል ተቆጣጣሪ መጣች። የላካት ማሸጊያውን የሚገዛው የውጭ አገር የመኪና ኩባንያ ነው። ዕቃውን የሚሠሩት ሰዎች በፈቃዳቸው ይሠሩ እንደሆነ፣ ተገደው ወይም ተይዘው እንዳይሆን፣ ኩባንያው ከየፋብሪካው ማረጋገጫ ይፈልጋል። ኖአ የኤፍራይምን ቢሮ መሳቢያ ሳይቀር ከፍታ አየች። ምንም አላገኘችም። ስሪ ላንካዎቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው «ፓስፖርታችን ቤታችን ነው» አሉ። ኤፍራይም በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

በመጨረሻ የሠራተኞች ኮሚቴ አባል ናትና ደጊቱ ወደዚያችው ቢሮ ተጠራች።

«የእነዚህን ሰዎች ፓስፖርት ሌላ ሰው ይዞ አይተሻል?» አለቻት ኖአ።

የኒሃል ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ታያት፤ ገዢው ኩባንያ ጥሎ ሲሄድ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ዘመድ ሁሉ በኤፍራይም ምክንያት ፊቱን ሲያዞርባት።

«አላየሁም» አለች። አላየችምና ውሸት አልመሰላትም። ፈረመች። ኖአም ስልክ ቁጥሯ ያለበትን ካርድ ሰጠቻት።

ስትነሣ ግድግዳው ላይ ዓይኗ አረፈ። የድሮው የዝናብ እድፍ እንዳለ ነው። ቀለም አልነካውም፣ የቀለም ሽታም የለም። «ሥራው ተጓትቶ ይሆናል» አለች ለራሷ፤ ሰንበትንም ይህንኑ ደጋግማ እያለች፣ ወደ ቁም ሣጥኑ ሳትዞር አሳለፈችው።

እሑድ ጠዋት የኒሃል ቦታ ባዶ ነበር። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እናቱ ቅዳሜ ሞታለች።

ደጊቱ ጓንቷን አውልቃ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ አውቶቡስ ይዛ ቤቷ ገባች። የከረጢቱን ቋጠሮ ጣቷ አልፈታ ቢላት በሽንኩርት ቢላዋ ቆረጠችው። አሥራ አንድ ፓስፖርት። ሦስተኛውን ስትገልጥ ኒሃል አፍጥጦ አያት።

ስትመለስ ከአውቶቡሱ ውስጥ፣ ቤት ተኝታ ለተወቻት ለኦዴያ ደወለች።

«ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሁት ካርድ አለ፤ ኖአ የሚል። ደውይላት። እናቴ የፈረመችው ልክ አይደለም፣ ፓስፖርቶቹ እኛ ቤት ነበሩ በያት። አሁኑኑ ትምጣ።»

«ኢማ፣ ምን ማለትሽ ነው? ያባርሩሻል እኮ! ሊያስሩሽም ይችላሉ!»

«አውቃለሁ። ደውይ።»

ኤፍራይም የፋብሪካው በር ላይ ነበር። «አንቺ ደግሞ! እኔው ልመጣልሽ አልነበር?» ብሎ እየሳቀ እጁን ዘረጋ። ከዚያ የተቆረጠውን ሲባጎ አየ።

«ፈታሽው?»

«ቆረጥሁት።»

«አደራ በላ! የአጎትሽን አጥንት አዋረድሽ! ሥራ ያስገባሁሽ እኔ…»

«የአንተ ፎቶ አንዱም ላይ የለም» ብላው አለፈች። ከኋላዋ ስሟን እየጠራ ሲሳደብ ጥበቃዎቹ ሁሉ ዞረው አዩ።

ምግብ አዳራሹ ውስጥ ስም ማንበብ ስላልሆነላት ፎቶውን ከፊታቸው እያስተያየች አደለች። አንዱ ፓስፖርቱን ሳመው፤ አንዱ አለቀሰ። ኒሃል በመጨረሻ ተቀበለ። ገልጦ አየውና ዘጋው።

«መሥሪያ ቤት ነበር?»

አዎ ልትለው ትችል ነበር።

«እኔ ቤት ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

ኒሃል ጣቶቹን አጠፈ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ጡጫ የሆነውን እጁን ቁልቁል አየው።

«ረቡዕ ጠየቅሁሽ።»

«አዎ። አላወቅሁም ነበር፤ አልፈታሁትም ነበር…»

ፓስፖርቱን ደረት ኪሱ ከትቶ ቁልፉን ቆለፈ። ሊያልፋት ሲል አንድ አፍታ ቆመ፤ ኢማ የሚላት መስሏት ቀና አለች።

«ደጊቱ፣ መንገድ ልቀቂልኝ» አላት።

ለቀቀችለት።