ሁለቱ ኖርማን ክራብትሪዎች

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሰሌዳው ልጀምር። በእንግሊዝ አገር፣ በበርንሊ ከተማ ቲያትር ቤት በር ላይ የተዋንያን ስም የሚለጠፍበት ጥቁር ሰሌዳ ነበር። እኔ ሜቪስ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ተዋንያንን ማልበስ፣ የተበጠሰ ቁልፋቸውን መትከልና ሲነጫነጩ መስማት ነበር። አንድ ቅዳሜ ትርኢቱ ሊጀምር ሲል፣ የክት ካፖርቱን የለበሰ ሰውዬ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አየሁ። ጣቱን ከላይኛው ስም እስከ ታችኛው አወረደ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ቆቡን ዝቅ አድርጎ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ትኬቱ በእጁ ነበር።

ሰውዬው የሽመና ፋብሪካ መካኒክ ሲሆን ልጁ ኖርማን ክራብትሪ የኛ ተዋናይ ነው። ልጅየው "ቅዳሜ በከተማችን እጫወታለሁ" ብሎ ትኬቱን ልኮለታል። ያልጻፈለት ነገር ቢኖር ስሙ መቀየሩን ነው። በተዋንያን ማኅበር ሕግ ሁለት ሰው በአንድ ስም አይሠራም፤ ቀድሞ የተመዘገበ ባለቤት ነው። ኖርማን ሎንዶን ሄዶ ሊመዘገብ ሲል ሌላ ኖርማን ክራብትሪ ቀድሞት ተመዝግቦ አገኘ። ጸሐፊዋ "ቶሎ ሌላ ስም ምረጥ" አለችው፤ ጁልየን ሎርን ሆኖ ወጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሱን ግን ያወጣችው ምሳ ሰዓት የደረሰባት ጸሐፊ ናት።

አባትየው ስሙን ሲያጣ፣ ልጄ ተባሮ ሊነግረኝ አፍሮ ነው ብሎ ደመደመ። በር ላይ የቆመውን ሰው መጠየቅማ የማይታሰብ ነው። የኛ አገር ወንድ እንዲህ ያለ ነገር ከሚጠይቅ ጥርሱን ቢነቀል ይመርጣል። አባትየው ጥር ላይ ሞተ። ልጁን መድረክ ላይ አንድ ቀን እንኳ አላየውም።

ጁልየን ሎርን ከዚያ በኋላ የደረሰበትን አገር ያውቀዋል። በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ከሚያጠኑ ቡድኖች ጋር ስድስት ዓመት ከከተማ ከተማ ተንከራተተ። ሎንዶን መድረክ ላይ ንጉሥም ነፍሰ ገዳይም ሆነ። በፊልም ሁለቴ ሰጠመ፣ አንዴ ተሰቀለ። በቴሌቪዥን ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዝናብ ካፖርቱን የማያወልቅ መርማሪ ነበር፤ ካፖርቷን የምተኩሳት እኔ ነኝ። ሰው መንገድ ላይ ሲያስቆመው ፈገግ ይላል፤ ግን በየዓመቱ ወደ ማኅበሩ እየደወለ "ያ ስሜን የያዘው ሰውዬ አሁንም አለ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። አለ ይሉታል። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱን አይቼ ሻይ አፈላለታለሁ።

ከዚያች ቅዳሜ በሠላሳኛው ዓመት የበርንሊው ቲያትር ቤት ሊዘጋ መሆኑን ሰማን። የዕቃ መጋዘን ሊሆን ነው። በመጨረሻው ተውኔት ዋናው ተዋናይ እንዲሆን ጠየቁት።

"ሜቪስ፣" አለኝ፣ "የአባቴ ስም እዚያ ሰሌዳ ላይ ይሄ ካለፈ የመውጣት ዕድል የለውም።"

"እንግዲያው ስሙን የያዘውን ሰውዬ ሄደህ ለምነዋ። አይበላህም።"

ሰውዬው ሞርካም በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ይኖር ነበር። ስንደርስ ሚስቱ ሂልዳ ሻይና የተጠበሰ ዓሣ አቀረበችልን። ባልየው አጠር ያለ፣ ወገቡ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። የኛው ኖርማን የመጣበትን ነገረው፤ ስሙን ከመዝገቡ እንዲለቅለት ለመነው፤ የአባቱንም ታሪክ አልደበቀም። ሰውዬው ሹካውን አስቀመጠ።

"ጌታዬ፣ እርስዎን አገር ያውቅዎታል። እኔ በገና ሰሞን ለልጆች በሚታየው ጨዋታ ላይ ላም ነኝ። እሱንም ሙሉ ላም አይደለሁም፤ የላሙን ቆዳ ለሁለት ነው የምንለብሰው፣ ከወገብ ወደ ኋላ ያለው እኔ ነኝ።"

"ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቂጥ!" አለች ሂልዳ።

"ፊቴን ያየ ተመልካች የለም። ሲጨበጨብም ለቀንዱ ነው። ሰው የተዋንያኑ ስም ያለበትን ወረቀት ገልጦ ሲያይ ግን ስሜ አለ። እሱን ከሰጠሁዎ እኔ ምን ቀረኝ?"

እውነቱን ለመናገር በሰውዬው ተናድጄ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ኖርማን ክንዴን ያዘኝ። ዓሣውን እስከ አጥንቱ በልቶ አመስግኖ ተነሳ።

ባቡር ተሳፈርን። በኋላ፣ "ሰውዬው ልክ ነው" አለኝ። "ተውኔታችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አለ አይደል?"

"ሁለት ገጽ የሚለፈልፈው?"

"እሱን ይሥራው።"

"ላሙ?"

"ግማሽ ላሙ።"

"አብደሃል! የአባትህን ስም ትሰቅልና ጭብጨባውን ለሌላ ሰው?"

"ስሙ የሱም ነው፣ ሜቪስ።" ከዚያ በላይ አልጨቀጨቅሁትም።

ሰውዬው መጣ። ልምምድ ላይ ሲናገር ወገቡ በራሱ ይጎብጣል፤ አዘጋጁ "ቀና በል፣ አባቴ፣ ቆዳው ወልቋል!" እያለ ይጮህበታል። በመጨረሻ ኮቱ ጀርባ ውስጥ ቀጭን እንጨት ሰፋሁለት። የመክፈቻው ዕለት ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወጣና ንግግሩን አንድም ሳይስት ተወጣው። ተመልካቹ መሳቅ በሚገባው ቦታ ሳቀ። ከመጋረጃው ጀርባ መጥቶ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ፤ ሸሚዜን በፊቱ መቀቢያ ዱቄትና ቀለም አጨማለቀው። ቂሜ የዚያን ዕለት ለቀቀኝ።

የኛው ኖርማን ግን ዕረፍት አልነበረውም። ሰሌዳው ላይ የሰውዬውን ስም ከራሱ ስም ሥር በእኩል ፊደል እንዲጽፉት ሥራ አስኪያጁን ተሟግቶ አስፈቅዷል፤ አሁን የሚፈራው እናቱን ነው። እማማ ኤዲት ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት ሊመጡ ነው።

"የማይሆን ተስፋ ሰጥቼ እንዳላሾፍባቸው" ይለኛል ሸሚዙን ስቆልፍለት። "ሌላ ሰው መሆኑን ሲያውቁ ቢከፋቸውስ?"

"ይከፋቸዋል ብለህ አሁን ታወርደው? ቀጥ በል፤ ቁልፉ አልገባም።"

ረቡዕ ዕለት ልብሱን እንደለበሰ በር ድረስ ወጣ። በኛ ሙያ ይህ ነውር ነው፤ ተዋናይ በመድረክ ልብሱ ለተመልካች ደጅ አይታይም። ተቆጣሁ፤ አልሰማኝም፤ ተከትዬው ወጣሁ።

እማማ ኤዲት ከታክሲ ወርደው ቦርሳቸውን ለኔ አስያዙኝ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አሳርፈው ከላይ ጀመሩ፤ ጁልየን ሎርንን አለፉ፤ ኖርማን ክራብትሪ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸው እዚያው ቆየ።

"እማዬ፣" አለ ኖርማን፣ "ይሄ እኔ አይደለሁም። ሌላ ሰው ነው..."

"አውቃለሁ አንተ እንዳልሆንክ። ደደብ መሰልኩህ?" ጣታቸውን አላነሱም። "አባትህ ግን ይሄን ቢያገኝ ኖሮ ይገባ ነበር። ከገባ ደግሞ አንተን ያይህ ነበር።"