በማንኪያ የተሰጠ ጠብታ

የልብስ ሰፊዋ የሰባት ወር ልጅ ሚጣ፣ በሸናች ቁጥር እየተንፈራገጠች ማልቀስ ከጀመረች ቀናት ተቆጥረዋል። አማቷ «ጥርስ እያወጣች ነው፤ ይተዋታል» ይሉ ነበር። እሷም የተማሪዎች ዩኒፎርም ተቆልሎባት ስለነበር አምናቸው ስፌቷ ላይ አቀረቀረች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን የሽንት ጨርቋን ስትፈታ፣ ደም በነካው እርጥበት ላይ አሸዋ የሚመስል ነገር አየች። በጣቷ ብትነካው ይቆረቁራል። ክው አለች። ጨርቁን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ልጇን ታቅፋ፣ አማቷን አስከትላ ሆስፒታል ገሰገሰች።

ዶክተሯ የሚጣን ሆድ በአልትራሳውንድ ስታይ ቆይታ ፊቷ ጨፈገገ።

«ሁለቱም ኩላሊቷ ውስጥ ጠጠር አለ።»

«ጠጠር? በዚች ጨቅላ?» እናት ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«ከጡት ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?»

«የቫይታሚን ዲ ጠብታ።»

«በቀን ስንት ጠብታ?»

እናት ወደ አማቷ ዞረች። ቀን ቀን ልጅቷን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። አሮጊቷ ጣቶቻቸውን እያፍተለተሉ፣ «በሻይ ማንኪያ አንድ... ሲያልቅም እየገዛሁ። አጥንቷ እንዲጠናልኝ ብዬ» አሉ።

«እማማ፣ ጠብታ እኮ በማንኪያ አይሰጥም! ሲበዛ ነው ጠጠር የሚያመጣው። ማነው እንዲህ ይስጡ ያለዎት?»

አሮጊቷ ምራታቸውን አንዴ አየት አድርገው የነጠላቸውን ጫፍ መቋጠር ጀመሩ።

እናት ያን ጊዜ ትዝ አላት። ከሁለት ወር በፊት አማቷ ጠርሙሱን ይዘው መጥተው «ይሄን ምን ያህል ልስጣት?» ብለዋት ነበር። ማንበብ አይችሉም። እሷ ደግሞ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ፣ «በማንኪያ አርገው ይስጧት» ብላ መለሰች። አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እሳቸውም ትንፍሽ አይሉም።

«እኔ ነኝ» አለች ወደ ዶክተሯ ዞራ። «ጠይቀውኝ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ በማንኪያ ይስጧት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሚጣ ተኝታ ዘጠኝ ቀን በግሉኮስ ታከመች። ጠብታው ቆመ፤ ደቃቆቹ ጠጠሮችም በሽንቷ ወጡ። በግራ ኩላሊቷ ያለው አንዱ ግን አልነቃነቅ አለ። ዶክተሯ «ሦስት ወር እንጠብቀው፤ ካልወረደ በቀዶ ጥገና ነው» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አማቷ ታክሲ ውስጥ ጥጋቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጊላት። እኔ እጄን ፈራሁት» አሉ።

እናት ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። ልጇን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እሳቸውም እንደ ትኩስ ድስት ፈራ ተባ እያሉ ያዟት።